ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ በኤዴሳ የረኃብ ዘመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሌሊቱ ለንጋት ሲቃረብ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ውዳሴ ማርያም ይደገማል። የዕለቱን ውዳሴ ሳያደርስ ከቤቱ የማይወጣ ምእመንም ብዙ ነው። ስለዚህም የቅዱስ ኤፍሬም ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በልጅነታችን ከፊደል ቀጥሎ የሰማነው ስም ነው። ስለ ድርሰቱና ስለ ጸጋው ብዙ ተጽፏል፣ ከዐውደ ምሕረትም ብዙ ተሰብኳል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን የሕይወቱን የመጨረሻ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ይህ የዜማና የቃል ሊቅ ብራናውን አስቀምጦ እንጀራ አከፋፋይ፣ ሕሙማን አስታማሚና ሬሳ ቀባሪ ሆኖ ዋለ። ወደዚያ ዓመት ከመድረሳችን በፊት ግን ከየት እንደ መጣ መናገር ይገባናል፤ ምክንያቱም ያን ሥራ የሠራው በተወለደባት ከተማ ሳይሆን በስደት በገባባት ከተማ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅዱስ ኤፍሬም በ306 ዓ.ም ገደማ በንጽቢን ተወለደ። ንጽቢን በመስጴጦምያ በሮምና በፋርስ መንግሥታት ድንበር ላይ የቆመች ምሽግ ናት፤ ዛሬ በቱርክና በሶርያ ወሰን ላይ ትገኛለች። ያሳደገውና ያስተማረው በ325 ዓ.ም በኒቅያ ከተሰበሰቡት አባቶች አንዱ የነበረው ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ያዕቆብ ዘንጽቢን ነው። ደቀ መዝሙሩ ኤፍሬምም አብሮት ወደ ጉባኤው እንደ ሄደ አበው ይተርካሉ። ከዚያ በኋላ በዚያችው ከተማ መጻሕፍትን እየተረጐመና ሕዝቡን በዜማ እያስተማረ በዲቁና አገለገለ፤ ዕድሜውን ሙሉ ከዲቁና በላይ ያለ ማዕርግ አልፈለገም።

ኤፍሬም መከራ ምን እንደሚመስል የተማረው ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። የፋርሱ ንጉሥ ሳቦር ንጽቢንን ሦስት ጊዜ ከበባት፤ በ338፣ በ346 እና በ350 ዓ.ም። በሦስተኛው ከበባ ንጉሡ በከተማዋ አጠገብ የሚያልፈውን ወንዝ ገድቦ ውኃውን በቅጥሩ ላይ ለቀቀው፤ ቅጥሩም ተናደ። ነዋሪዎቹ ግን የፈረሰውን መልሰው ሠሩት፤ ጠላትም አፍሮ ተመለሰ። ቅዱስ ኤፍሬም ይህን ባየ ጊዜ ከተማውን በማዕበል መካከል በተንሳፈፈችው በኖኅ መርከብ መስሎ ዘመረላት። የተከበበች ከተማ ሰው ማለት እህልን እየሰፈረ የሚበላ፣ ነገ የሚቀምሰው መኖሩን የማያውቅ ሰው ነው። ቅዱሳችን በዚህ ዓይነት ሕይወት ውስጥ ከሠላሳ ዓመቱ እስከ ሃምሳዎቹ ድረስ ኖረ።

በ363 ዓ.ም ከሀዲው ዑልያኖስ ፋርስን ሊወጋ ዘምቶ በዚያው ተገደለ። በእርሱ ፈንታ የተሾመው ዮቪያኖስ የተከበበውን ሠራዊት ለማዳን ሲል ንጽቢንን ለፋርስ አሳልፎ ሰጠ። በውሉ መሠረት ነዋሪዎቹ ከተማዋን ለቅቀው መውጣት ነበረባቸው። ሦስት ጊዜ በጦር ያልተያዘች ከተማ በአንድ ወረቀት ተያዘች። የዑልያኖስ ሬሳ በከተማዋ ቅጥር አጠገብ ሲያልፍ፣ የፋርስም ዓርማ በግንቡ ላይ ሲሰቀል ኤፍሬም በዓይኑ እንዳየ በቅኔው ገልጾታል። ከዚያም የኀምሳ ሰባት ዓመት ገደማ አረጋዊ ሆኖ ከሕዝቡ ጋር ተሰደደ፤ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጉዞም ወደ ኤዴሳ ገባ።

ኤዴሳ ዛሬ በቱርክ ሻንሊኡርፋ የምትባለው ከተማ ናት። በሱርስት ኡርሃይ፣ በዐረብኛ ሩሃ ትባላለች። የላስታዋ ላሊበላ ጥንታዊ ስም ሮሐ የተወሰደው ከዚህች ከተማ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ይህም ከሆነ የቅዱስ ኤፍሬም የስደት ከተማ ስሟ በእኛው ተራራ ላይ ሲጠራ ኖሯል ማለት ነው። ኤዴሳ የንጉሥ አብጋር ከተማ፣ የሐዋርያው ቶማስ ዐፅም ያረፈባት፣ ክርስትናን ቀድመው ከተቀበሉት አንዷ ናት። ይሁን እንጂ ኤፍሬም በገባበት ጊዜ የማርቅዮን፣ የማኒ፣ የአርዮስና የበርደሳን ተከታዮች የሞሉባት ነበረች፤ ኦርቶዶክሳውያኑ ራሳቸው እንኳ በቀድሞ ጳጳሳቸው በጳሉጥ ስም የሚጠሩ አንድ ወገን መስለው ይቈጠሩ ነበር። በርደሳን ትምህርቱን በጣፋጭ ዜማ ስላስተማረ ሕዝቡ ሳያውቀው ስሕተቱን ያዜም ነበር። ቅዱስ ኤፍሬምም የቀናውን ሃይማኖት በዜማ ደርሶ ደናግልን በማኅበር አደራጅቶ በቤተ ክርስቲያን አስዘመረ። ይህን ኋላ በሰፊው ያመሰገነው ከቅዳሴዎቻችን በአንዱ ስሙ የሚጠራው ያዕቆብ ዘሥሩግ ነው። ስለዚህ ክፍል ሌሎች ብዙ ስለ ጻፉ እኛ እዚህ ላይ አንቆይም።

ዐሥር ዓመት ያህል እንዲህ ኖረ። በእነዚያው ዓመታት መንግሥቱ በአርዮሳዊው በዋሌንስ እጅ ነበረ። በዚህ ላይ በ372 እና በ373 ዓ.ም ረኃብ መጣ።

የዚያ አገር እርሻ ከእኛው የተለየ ነው። ዘሩ በመከር ይዘራል፤ ዝናቡ የሚጥለው በብርዱ ወራት ነው፤ ገብሱና ስንዴው የሚታጨደው በእኛ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ነው። የብርዱ ወራት ዝናብ ከቀረ ገበሬው እስከ ቀጣዩ አጨዳ ድረስ ዓመት ሙሉ ተስፋ የለውም። ደግሞም ኤዴሳ የድንበር አገር ናትና ሠራዊቱም የሚቀለበው ከዚያው ምድር ነው። በገጠር ጎተራው ባዶ የሆነበት ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹን ይዞ ወደ ከተማ ይወጣል። በከተማው ውስጥ እህል አለ ይባላልና። እህሉም በእርግጥ ነበረ፤ ነገር ግን በባለጠጎች ጎተራ ተቈልፎበት ነበር።

የዚህን ጊዜ ታሪክ ያቆዩልን ሁለት ጸሐፊዎች ናቸው፤ የመነኮሳትን ዜና የጻፈው ጳላድዮስና የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜን። ሁለቱም በአጭሩ ነው የጻፉት፤ ነገሩ ግን አጭር አይደለም።

ቅዱስ ኤፍሬም በበአቱ ጸንቶ ይኖር ነበር። በመንገድ ላይ ሰዎች እንደሚረግፉ በሰማ ጊዜ ከበአቱ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ባለጠጎቹ ሄደ። በሰው ነፍስ ላይ እንዲህ መጨከን ለራሳቸው ነፍስ ፍርድ ማከማቸት እንደ ሆነ፣ የሰበሰቡትም ሀብት ኋላ መክሰሻቸው እንደሚሆን ገሠጻቸው። እነርሱም እንስጥ አንሰጥም ብለው አልተከራከሩም፤ ይልቁንም ሌላ ምክንያት አቀረቡ። ለመስጠት ፈቃደኞች ነን፤ ነገር ግን ለተራቡት በታማኝነት የሚያድልልን ሰው የለንም፤ ሁሉም ለራሱ የሚያተርፍ ነው አሉት።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆም። ይህ ምክንያት ለእኛም አዲስ አይደለም። ለነዳያን፣ ለተፈናቀሉ፣ ለተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ሲለመን ከእያንዳንዳችን አፍ የምትወጣ ቃል ናት። አንዳንድ ጊዜ እውነት ናት፤ አደራ የበሉ ሰዎችን አይተናል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የንፉግነት መሸፈኛ ናት። ቅዱስ ኤፍሬም ከሁለቱ የትኛዋ እንደ ሆነች ለመመርመር ጊዜ አላጠፋም። ስለ እኔስ ምን ትላላችሁ ብሎ ጠየቃቸው። ሁሉም የእግዚአብሔር ሰው እንደ ሆነ መሰከሩለት። እንግዲያውስ እኔ ራሴ መጋቢ እሆናለሁ፤ አደራውን ለእኔ ስጡኝ አላቸው። ምክንያታቸው በዚህ ተቈረጠ፤ ገንዘቡንም ሰጡ።

ልብ እንበል፤ ይህ ሰው በከተማዋ መጤ ነው። ርስት የለውም፣ ዘመድ የለውም፣ የሚደግፈው ባለሥልጣን የለም። ማዕርጉም ዲቁና ነው። በአገሬው ተወላጅ ላይ ያልተገኘ እምነት በስደተኛ ላይ የተገኘው ለምንድን ነው? እኛ እንደሚመስለን ዐሥር ዓመት ሙሉ ምንም ሳይሰበስብ ሲኖር ስላዩት ነው። ለራሱ የማይፈልግ ሰው የሌላውን እንደማይወስድ ማንም ያውቃል። ዲቁናውም ቢሆን ለዚህ ሥራ ከባድ ማዕርግ ነበር፤ በሐዋርያት ዘመን ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት ለማዕድ አገልግሎት፣ በየዕለቱ ለሚታደለው እንጀራ እንደ ነበረ በግብረ ሐዋርያት እናነባለን። ኤፍሬም በስድሳ ስድስት ዓመቱ ገደማ ወደ ማዕርጉ የመጀመሪያ ሥራ ተመለሰ ብንል አንሳሳትም።

ገንዘቡን እንደ ተቀበለ የሠራውን ጳላድዮስ ይነግረናል። በከተማው አደባባይና መንገድ ዳር ያሉትን፣ ጣራ ያላቸውን ባለ ዓምድ መተላለፊያዎች እየከፈለ አጠራቸው፤ በውስጣቸውም ሦስት መቶ ያህል አልጋ አስዘረጋ። በረኃብ የታመሙትን በዚያ አስተኝቶ አስታመመ፤ የሞቱትን ቀበረ፤ የመዳን ተስፋ ያላቸውን አገለገለ፤ ከየስፍራው በረኃብ ተነድተው ለሚመጡት ሁሉ ከተሰጠው ገንዘብ በየዕለቱ ምግብና ማረፊያ አዘጋጀ። ሶዞሜንም የሚረዱት የከተማው ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ እንግዶችና የገጠር ሰዎችም እንደ ነበሩ ይጨምራል።

ሦስት መቶ አልጋ። በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም የቆሬምን ሜዳ ያየ፣ ወይም ካዩት የሰማ ሰው ይህ ቍጥር ምን እንደሚል ይገባዋል። አልጋ የሚያስፈልገው ቆሞ ምጽዋት መቀበል ለሚችለው ሰው አይደለም። የሚያስፈልገው መነሣት ላቃተው፣ ቢሰጡት እንኳ መዋጥ ለማይችለው ነው። ረኃብ የጎዳውን ሆድ በአንድ ጊዜ አይሞሉትም፤ ጥቂት በጥቂት፣ በቀን ብዙ ጊዜ ማቅመስ ይጠይቃል። አልጋ ባለበት ደግሞ ውኃ ቀጂ፣ ልብስ አጣቢ፣ ቆሻሻ ጠራጊ፣ ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ ያስፈልጋል። የውዳሴው ደራሲ ዓመቱን ያሳለፈው በዚህ መካከል ነው።

የዚያች ከተማ የረኃብ ቀን ምን ይመስል እንደ ነበር ይበልጥ ለመረዳት መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ወደ ፊት እንሂድ። በ500 ዓ.ም በዚያችው በኤዴሳ ሌላ ረኃብ ሆነ፤ በኢያሱ ዓምዳዊ ስም የሚታወቀው የሱርስት ዜና መዋዕልም ሁሉንም በዝርዝር ጽፎታል። የገጠሩ ሰው ወደ ከተማ ጎርፎ በባለ ዓምድ መተላለፊያዎችና በመንገድ ላይ ያድር ነበር፤ ከጭቃ ውስጥ የወደቀ የአትክልት ቅጠልና ግንድ እየለቀመ ይበላ ነበር፤ በብርዱም ወራት በሌሊት እያለቀሰ ይሞት ነበር። ገዢው ከንጉሡ ወርቅ ተቀብሎ በመጣ ጊዜ በድኾች አንገት የእርሳስ ማኅተም እያሰረ ለእያንዳንዱ በቀን አንድ ነጥር እንጀራ ሰጠ። የቤተ ክርስቲያን መጋቢዎች በታላቁ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሕሙማን ማረፊያ አቋቋሙ፤ በመታጠቢያው ቤት አጠገብ ያለው አዳራሽም ገለባና ሰሌን ተነጥፎበት ማደሪያ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ጋር በክፉዎቹ ወራት ከማረፊያው በየቀኑ ከመቶ በላይ ሬሳ ይወጣ ነበር።

ይህን ያነሣነው የቅዱስ ኤፍሬምን ዘመን በዚያኛው ለመተካት አይደለም። ነገር ግን ከተማዋ አንድ ናት። በ500 ዓ.ም የንጉሥ ወርቅ፣ ገዢና መጋቢዎች የተረባረቡበትን ሥራ በ372 ዓ.ም የጀመረው አንድ ሽማግሌ ዲያቆን ነው። የቤተ ክርስቲያን መጋቢዎች በኋለኛው ረኃብ ፈጥነው ሕሙማንን ለማስተኛት የተነሡት ከእርሱ ያዩት ስለ ነበራቸው ይመስለናል።

በዚያን ጊዜ ሌላም ብርሃን ነበር። በቀጰዶቅያ ቂሣርያ ቅዱስ ባስልዮስ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሀገሩ በሆነው ረኃብ የባለጠጎችን ጎተራ በስብከቱ አስከፍቶ ነበር፤ ከዚያም ለድኾች፣ ለእንግዶችና ለለምጻሞች ከከተማው ውጪ ታላቅ የምሕረት መንደር ሠራ። ቅዱስ ኤፍሬም ቅዱስ ባስልዮስን በራእይ የእሳት ዓምድ ሆኖ እንዳየው፣ ሄዶም እንደ ተገናኘው ቤተ ክርስቲያናችን ትተርካለች። ሁለቱ በአንድ ዘመን አንድ ሥራ መሥራታቸው ግልጽ ነው፤ ልዩነታቸው ቅዱስ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ስለ ነበር ሕንፃ ሠርቶ፣ ሠራተኛ መድቦ፣ ለትውልድ የሚቆይ ተቋም መተዉ ነው። ኤፍሬም ሕንፃ አልሠራም። የመንገድ ዳር ጥላን አጥሮ አልጋ ዘረጋ፤ ረኃቡ ሲያልፍ አጥሩ ተነሣ፤ መተላለፊያውም እንደ ቀድሞው የሰው መሄጃ ሆነ።

የተቀበሉት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩም እናስብ። ከገጠር ከመጡት መካከል የማርቅዮንን ወይም የበርደሳንን ትምህርት የተቀበሉ አልነበሩም ማለት አይቻልም፤ ከተማውና አካባቢው በእነርሱ የተሞላ ነበርና። ቅዱስ ኤፍሬም በብዕሩ ለእነዚህ ትምህርቶች አንዳች ምሕረት አልነበረውም፤ በእነርሱ ላይ የጻፋቸው ድርሰቶች ዛሬም አሉ። ጸሐፊዎቹ ግን ረኃብተኛው አልጋ ከማግኘቱ በፊት ሃይማኖቱን ተጠየቀ አይሉም፤ ለሚመጡት ሁሉ ይላሉ እንጂ። የስሕተት ትምህርትን በሙሉ ኃይሉ የሚቃወም፣ የተሳሳተውንም ሰው በገዛ እጁ የሚያጎርስ አባት ነበረ። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ለእኛ ዘመን ሰው እጅግ ከባድ ሆኖብናል።

ዓመቱ ዞረ። አዲሱ አዝመራ ደረሰ፤ ጥጋብም ሆነ። ከአልጋ የተነሡት ወደየመንደራቸው ተመለሱ። ቅዱስ ኤፍሬምም የሚሠራው ሲያጣ ማንንም ሳያስከትል ወደ በአቱ ተመለሰ። ባለጠጎቹ ያመኑት ገንዘብ ለታሰበለት ሥራ ውሎ ነበር፤ በአቱም እንደ ቀድሞው ባዶ ነበረች። ከአንድ ወር በኋላ ዐረፈ። ዕለቱ በሶርያውያን ዘንድ ሰኔ 9 ቀን 373 ዓ.ም ተብሎ ተመዝግቧል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግን በዓለ ዕረፍቱን ሐምሌ 15 ቀን ታከብራለች። ብዙዎች እንደሚሉት ከሕሙማን የተቀበለው በሽታ ነው ያሳረፈው። ጳላድዮስ ግን ስለ በሽታው አንዳች አይናገርም፤ እግዚአብሔር ይህን የመጨረሻ ዕድል የሰጠው ለአክሊሉ ፍጻሜ እንዲሆን ነው በማለት ብቻ ያልፈዋል።

በስሙ የሚታወቀው ኑዛዜ በሶርያውያን ዘንድ ሲነበብ ኖሯል። በዚያ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወይም በመሠዊያው አጠገብ እንዳይቀብሩት፣ በከበረ ልብስ እንዳይገንዙት፣ ሽቱም እንዳያፈሱበት ይለምናል። ሽቱ ሊያፈሱ ያሰቡ በቤተ መቅደስ ዕጣን ያጥኑበት፤ ለእርሱ ግን ጸሎታቸው ይበቃዋል። መቃብሩም ወገን የሌላቸው እንግዶች በሚቀበሩበት ስፍራ እንዲሆን ጠየቀ፤ እንግዳ ነበርና ከእንግዶች ጋር። በዚያ ስፍራ የኤዴሳ ምእመናን አሳረፉት።

የቅዱስ ኤፍሬም በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።